ከሄልሜቱ ውስጥ ያወጣሁት ስፖንጅ

ጭንቅላት አውቃለሁ ብዬ ያልተኩራራሁበት ቀን የለም። አምስት ዓመት አዲስ አበባ፣ ሰባት ዓመት ደግሞ እዚህ ሙስካት፣ ማቢላ ጸጉር ስሠራ ጣቴ ያልዳሰሰው የጭንቅላት ዓይነት የለም። ጠፍጣፋውን፣ ሾጣጣውን፣ ከኋላው የተገመጠ የሚመስለውን፣ ሁሉንም ለባለጭንቅላቷ ሳልነግራት አሳምሬ እሸኛለሁ። እንግዲህ አንድ የሞተር ዕቃ ሻጭ በሰው ፊት ስለ ወንድሜ ጭንቅላት ሊያስተምረኝ ሲነሳ ምን እንደሆንኩ መገመት አያስቸግርም። ደሜ ነው የፈላው። ዛሬ ሳስበው የሚያቃጥለኝ ግን እሱ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነው።

የኮሮና የመጀመሪያው ዓመት ነበር። መጋቢት ላይ ጸጉር ቤቶች በሙሉ ይዘጉ ተባለና የእኔም መቀስና ካውያ መሳቢያ ውስጥ ገቡ። ታናሽ ወንድሜ ማቲዎስ ሙስካት አንድ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነበር፤ እንግዳ ሲጠፋ ሆቴሉ ሠራተኞቹን አሰናበተ። ማቲዎስ እንደ እኔ ክፍል ውስጥ ተጋድሞ ጣሪያ የሚያይ ሰው አይደለም። አል ሀይል ያለ አንድ ምግብ ቤት በሞተር ምግብ የሚያደርስ ሰው እንደሚፈልግ ሲሰማ ሄዶ ተቀጠረ። ሞተሩን እኛ እንሰጥሃለን፣ ሄልሜት ግን የራስህን ይዘህ ና አለው መዲሩ፣ የምግብ ቤቱ ኃላፊ። እናታችን በስልክ ይህንን ስትሰማ የተናገረችው ለእሱ ሳይሆን ለእኔ ነው። አደራ ብላኝ ዘጋችው።

ሄልሜት የሚሸጠው ሰናያ ነው፣ ጋራዦቹ ያሉበት ሰፈር። እዚያ አንድ የሞተር ዕቃ መደብር ውስጥ ነስረዲን የሚባል የወሎ ልጅ ይሠራል፤ ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁ ከአንገቱ በላይ የማይወጣ ሰው። ስንገባ እጃችን ላይ ሳኒታይዘር ረጨ፤ ለማቲዎስ ከሄልሜቱ ስር የሚደረግ ስስ የጨርቅ ቆብ ሰጠው፤ በዚያ ዘመን አንዱ የሞከረውን ሌላው መሞከር ያስፈራው ነበርና። ከዚያ የልብስ ሰፊ ሜትር አወጣና ከቅንድቡ ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ በጆሮዎቹ ላይ አሳልፎ፣ ከኋላ ወጣ ያለው አጥንት ላይ አገናኝቶ ለካው። ጸጉሩን በጣቶቹ እየከፈለና በሜትሩ እየጨቆነ ነው የለካው። የወንዶቹም ጸጉር ቤት ከተዘጋ ወራት ስላለፉ የማቲዎስ ጸጉር ጎፈሬ ሆኖ ነበር። ነስረዲን ራስ ሳይጠና ጉተና ብሎ ቀለደበት፤ ማቲዎስ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም።

ያመጣለት መካከለኛውን ነበር። ማቲዎስ ታግሎ ሲያጠልቀው ጉንጮቹ ወደ አፍንጫው ተሰበሰቡ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ነስረዲን ግን ደስ አለው። መጥበቅ አለበት አለ። ጉንጩን ጭምቅ አድርጎ ካልያዘው በመከራ ጊዜ ራሱን አይይዝለትም። ሄልሜቱን በሁለት እጁ ይዞ ግራና ቀኝ ሲያዞረው የግንባሩ ቆዳ አብሮ መሄድ አለበት። ማሰሪያው አገጭ ስር ታስሮ ከኋላ ወደ ፊት ቢጎተት መውለቅ የለበትም። የውስጡ ስፖንጅ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይለሰልሳልና ዛሬ የተመቸ ሄልሜት ነገ ይሰፋል። ሩብ ሰዓት ያህል አድርጎት ይቀመጥ፤ አንድ ቦታ ላይ ለይቶ የሚያመው ከሆነ ቅርጹ የእሱ አይደለም፣ ሌላ እንሞክራለን፤ ዙሪያውን እኩል ከያዘው ግን ልኩ ነው አለ።

ሁለት ሌሎች አበሾች ተራ እየጠበቁ ያዳምጡ ነበር። ነስረዲን እየደጋገመ የሚያስረዳው ለእኔ ነው፤ እንደማላውቅ፣ ጭንቅላት አይቼ እንደማላውቅ። ሁለት ወር ያለ ሥራ ተቀምጬ፣ በራሴ ሙያ ገብቶ የሚያርመኝ ሰው ሲመጣ ጊዜ አላስችል አለኝ።

"ነስሩ፣ ጭንቅላት የማውቀው እኔ ነኝ" አልኩት። "አንተ ዕቃህን ሽጥ።"

ሁለቱ አበሾች ተያዩ። ነስረዲን ሜትሩን ጠቀለለና የለካሁት እኮ አጥንቱን ነው እንጂ ጸጉሩን አይደለም፣ ነገ ቢቆረጠውስ አለኝ፣ ቀስ ብሎ። የትኛው ጸጉር ቤት ተከፍቶ ነው የሚቆረጠው ብዬ ትልቁን ራሴ ከመደርደሪያው አወረድኩ። ከጎፈሬው ጋር ልክ ሆነ፤ ሲጎትተውም አልወለቀም። ማቲዎስም እፎይ አለ። ነስረዲን እያቅማማ ሸጠልን። በሩ ላይ ደርሰን ሳለ ተከተለንና "እህቴ፣ የተቆረጠ ዕለት አምጡት፤ ኢንሻአላህ እቀይርላችኋለሁ" አለኝ። በሩን ገፍቼ ወጣሁ።

ሰኔ ሲገባ የሙስካት ሙቀት ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ማቲዎስ ሄልሜቱን ሲያወልቅ ከጎፈሬው ላብ ይንጠባጠባል፣ ቆዳው ላይ ሽፍታ ወጣበት። አንድ ዓርብ መጥቶ እባክሽ ላጭልኝ አለኝ። ቶንዶሴን አውጥቼ እስከ ቆዳው ላጨሁት። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከስንት ጊዜ በኋላ እጄ ሥራ አገኘ። አንገቱን ጠራርጌ፣ ቅባት ቀብቼ፣ መስታወት አሳየሁት።

ከዚያ ሄልሜቱን አጠለቀው። ራሱን ሲያዞር ሄልሜቱ ባለበት ቀረ፤ ዓይኑ የፊት መክፈቻው ጠርዝ ጋ ተደበቀና ልክ ቅል እንደደፋ ልጅ ሆነ። ሳቀና ነስሩ እቀይራለሁ ብሎ የለ፣ አሁኑኑ እንሂድ አለኝ።

መሄድ ነበረብን። በእግር እንኳ ሃያ ደቂቃ አይሞላም። እኔ ግን ያንን በር ገፍቼ ገብቼ፣ ያ ሰው ጸጥ ብሎ ትልቁን ተቀብሎ መካከለኛውን ሲሰጠኝ ታየኝ። ምንም እንደማይለኝ አውቃለሁ፤ ያልቻልኩትም እሱን ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ኻላስ፣ በቃ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ አልኩት።

ጸጉሯ የሳሳ ሙሽራ ስትመጣ ጥቅሉ እንዲሞላ ከውስጥ የሚገባ ክብ ስፖንጅ አለን። ከላይ ጸጉሯን ስናለብሰው እናቷም አታውቀው። ከዕቃዬ መሃል ሁለቱን አውጥቼ፣ ሰንጥቄ፣ አንዱን ከግንባሩ በኩል አንዱን ከኋላ በኩል በዊግ ማጣበቂያ ለጠፍኩት። አሳምሬ ነው የሠራሁት፤ መጋጠሚያው እንኳ አይታይም። ማቲዎስ አድርጎ ራሱን ወዘወዘ፤ አልተነቃነቀም። ማሰሪያውን አስሮ ከኋላ ወደ ፊት እንዲጎትተው ግን አላልኩትም። "ያላ፣ ሂድ" ብዬ ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከአስር ሶላት በፊት ዘቢባ ደወለች። ዘቢባ የቆየች ደንበኛዬ ናት፤ አል ሀይል ዱዋሩ፣ አደባባዩ አጠገብ ካለ ቪላ ውስጥ ትሠራለች። ትርንጎ አትደንግጪ ብላ ጀመረች። ነፋስ ዱዋሩ ላይ አሸዋ አልብሶት ኖሮ አንድ መኪና ሲገባበት ማቲዎስ ፍሬን ይዞ ተንሸራተተ። ከቪላው በር ሆና አይታዋለች። ሄልሜቱ ለብቻው እየተንከባለለ መንገዱን ሲሻገር እሱ በጎኑ ተንሸራቶ ጭንቅላቱ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ አረፈ አለችኝ።

ሆስፒታል ግቢ ደረስኩ፣ ግን በዚያ ጊዜ ጠያቂ አያስገቡም። ዛፍ ስር ተቀመጥኩ። ማቲዎስን ወደ ቀዶ ጥገና እንዳስገቡት ነግረውኝ ዕቃውን በላስቲክ ከረጢት ሰጡኝ፤ ስልኩ፣ አንድ እግር ጫማው፣ ሄልሜቱ።

ሄልሜቱን አወጣሁት። ማሰሪያው እንደታሰረ ነበር። ወንድሜ ማሰሪያውን አስሮ ነው የወደቀው፤ ሄልሜቱ እንደታሰረ ከራሱ ላይ ሾልኮ ነው የወጣው። ከግንባሩ በኩል የለጠፍኩት ስፖንጅ ማጣበቂያው በላብ ለቆ ተንጠልጥሏል፤ የኋላው ሾልኮ ወደ አንገቱ ወርዷል። ዙሪያዬን አየሁ። ሁለቱንም ነቅዬ፣ ያገለገለ ማስክና ጓንት የሚጣልበት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ከስር ቀበርኳቸው። ወንድሜ በሕይወት ይውጣ አይውጣ ሳላውቅ መጀመሪያ ያደረግኩት ይህንን ነው።

ወዲያው ዘቢባ የድምፅ መልእክት ላከች። ሄልሜቱ እንዴት ሊወልቅ ቻለ ብላ ታለቅሳለች። ቁልፉን ተጭኜ መለስኩላት። "ነስረዲን ነው ያስፈጀው። ልኩን ሳያውቅ ነው የሸጠለት።" ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ስለነበረ የሚሰማው ሰው ሁሉ አምኖኛል። ዘቢባም በቅንነት፣ ሌላ ልጅ እንዳይጎዳ ብላ፣ ሞተር ለሚነዱ አበሾች አስተላለፈችው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። በማግስቱ ማቢላና አል ሀይል ያልሰማ ሞተረኛ አልነበረም።

ማቲዎስ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። የትከሻው አጥንት ተሰብሮ፣ ከግራ ጆሮው ኋላ ዘጠኝ ቦታ ተሰፍቶ በአሥረኛው ቀን ወጣ። ጆሮው ውስጥ ግን ዛሬም ድረስ ፉጨት ይሰማዋል፤ አንዳንዴ ስናገረው የቀኝ ጆሮውን ያዞርልኛል። ቤት በገባ በሦስተኛው ቀን ስልኩን አንስቶ የሆነ ነገር ከፈተ። የራሴ ድምፅ ነው። እስከ መጨረሻው አስደመጠኝ።

"እትዬ፣ ነስሩ ነው እንዴ ያጠፋው?" አለኝ።

ዝም በል፣ ሐኪሙ ብዙ አትናገር ብሎሃል አልኩት። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር አላለውም። ማቲዎስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ነስረዲን በዚያ ሰሞን ስድስት ጊዜ ደውሎልኛል። አላነሳሁም። ለማቲዎስ በሰው አንድ ካርቶን ቴምር ላከ፤ ማቲዎስ በላ፣ እኔ አንዷን ፍሬ እንኳ መንካት አቃተኝ። ዘቢባ ደግሞ በየሳምንቱ ወሬ ታመጣለች። አበሻ ሞተረኞች ከነስረዲን መደብር መግዛት አቁመዋል፤ የሌላ አገር ሞተረኞችም አበሾቹን አይተው ቀርተዋል። ከፊሉ፣ ያስመጣው አሠሪው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ገበያው ካልተመለሰ ወደ አገርህ ነው ብሎታል። ማፊ ሹግል፣ ማፊ ፍሉስ፣ ሥራ ከሌለ ገንዘብ የለም፣ ታዲያ ሰውየው ምን ያድርግ አለችኝ ዘቢባ፤ እያዘነችለት እንኳ ነበር። ነስረዲን ስለ እኔ የተናገረው ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ምንም አላለም፣ ምን ይላል አለችኝ። እፎይ አልኩ። እንዲያ እፎይ ማለቴን ዛሬ ስናገረው ራሱ ፊቴ ይግላል።

መስከረም ላይ ማቲዎስ ዳነና ወደ ሥራው ሊመለስ ሆነ። የወደቀ ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም ሁለተኛ አይደረግም፤ አዲስ ያስፈልገዋል። ሌላ ቦታ እንግዛ ብዬ ብዙ ወተወትኩት። እምቢ አለኝ። አንቺ ቀድመሽ ሂጂ፣ የምትነግሪው አለሽ፤ እኔ ኋላ መጥቼ እለካለሁ አለኝ። ያ ታናሼ፣ ያዘልኩት ልጅ ነው እንዲህ የሚለኝ።

ሄድኩ፣ ልናገር ግን አልነበረም የሄድኩት። የማቲዎስን ራስ ተኝቶ ሳለ በክር ለክቼ፣ ክሩን ቋጥሬ በቦርሳዬ ይዤ ነበር፤ መካከለኛውን አንስቼ፣ ከፍዬ፣ ሳልታወቅ ልወጣ። አባያ ለበስኩ፣ ጥቁር ማስክ እስከ ዓይኔ ስር፣ ከላዩ መነጽር። ኮሮና ያን ዓመት ለእኔ ያደረገልኝ ደግ ነገር ቢኖር ፊቴን መሸፈኑ ነው።

መደብሩ ውስጥ አንድ ግዙፍ ሰው ሄልሜት አድርጎ ቆሟል። ዘለቀ ነው፣ ከማቲዎስ ጋር የሚሠራው፤ በስልክ ድምፁን አውቀዋለሁ እንጂ ተያይተን አናውቅም። ነስረዲን ከስቷል። የዘለቀን ሄልሜት ከኋላ ይዞ እየጎተተ ይህ ይሰፋሃል፣ አንድ ቁጥር ዝቅ በል እያለው ነው። ዘለቀ አወለቀውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"ለማቲዎስም እንዲህ ብለህ ነው የሸጥክለት?" አለው።

መደርደሪያው ጥግ ጓንት የማይ መስዬ ቆምኩ። ነስረዲን ሊናገር እንደሆነ አወቅሁ። ያቺ እህቱ ናት፣ በሰው ፊት ሰድባኝ፣ እየነገርኳት፣ ሊል ነው አልኩ። እንዲያውም እንዲለው ፈለግሁ፤ ብሎት ቢሆን እኔ ምንም ሳልል ነገሩ ያበቃ ነበር።

"የሸጥኩት እኔ ነኝ" አለ ነስረዲን። "ልኩ እንዳልሆነ እያየሁ ሸጥኩለት። ይሉኝታ ያዘኝ። አልሸጥም ማለት ነበረብኝ።"

እቀይርላችኋለሁ ማለቱን እንኳ አልተናገረም። ሜትሩን አንስቶ ጣቱ ላይ መጠቅለል ጀመረ፣ ያን ዕለት እኔ ፊት እንደጠቀለለው።

መነጽሬን አወለቅሁ፣ ከዚያ ማስኩን። ዘለቀ ወደ ኋላ ሸሸት አለ፤ በዚያ ጊዜ ማስክ የሚያወልቅ ሰው ያስደነግጥ ነበር። ነስረዲን ግን ወዲያው አወቀኝ።

"ትልቁን ያነሳሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "ጸጉሩንም የላጨሁት እኔ ነኝ። ሲሰፋው እንዳላፍር ብዬ የጥቅል ስፖንጅ ለጠፍኩበት። ሆስፒታል ግቢ ነቅዬ ጣልኩትና በአንተ አሳበብኩ።"

አንዴ ከጀመርኩ በኋላ አላቆምኩም። ማሰሪያው እንደታሰረ እንደነበረ፣ ስፖንጁን የት እንደቀበርኩት፣ ስልኩን ለምን እንዳላነሳሁ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ነስረዲን በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር።

"ሁለት ወር ሙሉ" አለ፣ "በየሶላቴ ስለ ወንድምሽ ይቅር በለኝ እያልኩ አላህን ስለምን ነበር።"

ስልኬን አውጥቼ፣ እሱ እየሰማ፣ አሁን የተናገርኩትን ሁሉ እንደገና ተናግሬ ለዘቢባ ላክሁ። ለሁሉም አስተላልፊው፣ እንደ በፊቱ አድርገሽ አስተላልፊው አልኳት። ሁለት ጊዜ ተቋርጦብኝ እንደገና መጀመር ነበረብኝ። ነስረዲን አላቆመኝም፣ አይዞሽም አላለኝም። ስጨርስ ማስክሽን አድርጊ፣ ሰው ካየሽ ሙኻለፋ ነው፣ ትቀጫለሽ አለኝ፤ መልሼ አደረግኩት።

ዘለቀ ሁለቱን ሄልሜቶች አንስቶ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ይዞ ቆሟል። ነስረዲን ዝቅ በል ያለውን መካከለኛውን ታግሎ አጠለቀው። ጉንጩ ተጨመቀ፣ ከንፈሩ ሾለ። በምን መንገድ ወደ እኔ እንደዞረ አላውቅም፤ ጸጉር ቤት ያለሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ፣ ጭንቅላት ታውቃለች ይላሉ፣ ይሄ አልጠበቀኝም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለማሾፍ አልነበረም። የእውነት ነው የጠየቀኝ።

ነስረዲን ቀና ብሎ አየኝ።

"እኔ አላውቅም" አልኩት። "እሱን ጠይቀው።"